ሰባቱ መታጠፊያዎች፦ የኢንጂነር ፍቅሩ አብርሃም የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ፍቅሩ አብርሃም ኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሪንቃ ላይ፣ በአባታቸው ወፍጮ ቤት ጓሮ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው አቶ አብርሃም ይመር የወፍጮው ባለቤት፣ እናታቸው ወይዘሮ አገሬ እንድሪስ ደግሞ በሐብሩ ገበያዎች የታወቁ የሽንኩርትና የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ፍቅሩ ናቸው፤ ይህንን ታሪክ የጻፈችው እህታቸው ሸጊቱ አብርሃም ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ናት።

ሸጊቱ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረች ሰው ስለሆነች የረዘመ ጽሑፍ አትወድም። ዛሬ ግን ይረዝማል፤ ታገሡ። ወንድሟ በሕይወት ሳሉ ያስገቧት ቃል አለ። አንድ የመርሳ ሰው ያለ ጥፋታቸው ስማቸው ጠፍቷል፤ ስማቸውን ያጠፉት ደግሞ ዛሬ የምንቀብራቸው ኢንጂነር ፍቅሩ ናቸው። ይህ ተነብቦ ሳያልቅ ማንም ከግቢው እንዳይወጣ ትለምናለች።

ኢንጂነር ፍቅሩ በልጅነታቸው ዝምተኛና እልኸኛ ነበሩ። የወፍጮ ቤቱ ዱቄትና የሞተሩ ጢስ አባታቸውን ቀን ከሌት ያስላቸው ስለነበር፣ በዘጠኝ ዓመታቸው የጋዝ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ለሞተሩ የጢስ ማውጫ ሠሩ። ግድግዳው ስላልፈቀደላቸው ቆርቆሮውን ሁለት ቦታ አጠፉት። ጢሱ እንደገና ወደ ቤት ተመለሰ። አባትየው እየሳሉ ሳቁ፣ ልጃቸውን ግን አልተቆጡም። አቶ አብርሃም በ1965 ዓ.ም. ደረታቸውን ታመው አረፉ፤ ልጃቸውም ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ አየርን ከቤት ሲያስወጡ ኖሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲሪንቃ፣ ሁለተኛ ደረጃውን ወልድያ አጠናቀው በ1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1977 ዓ.ም. በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ። እስከ 1990 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የአየር ማስተላለፊያ ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ እስከ 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአማካሪነት ሠሩ። የሆቴል ኩሽናዎች፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ የማተሚያ ቤቶች የአየር ቱቦ በእጃቸው ተነድፏል። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፍሬሰላም ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በ1986 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸውን መቅደላን አፈሩ። በ2004 ዓ.ም. ወደ ወልድያ ተመልሰው በመምህርነት ተቀጠሩ።

ተማሪዎቻቸው «አየር ሰነፍ ነው» የሚለውን ትምህርታቸውን ያስታውሱታል። አየር በቀጥተኛ ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ብዙም አይደክምም፤ በየመታጠፊያው ግን ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ ጉልበቱን ይጥላል። ማራገቢያው ከሚሰጠው ጉልበት በእያንዳንዱ መታጠፊያ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ ማወቅ ነው የሙያው ሁሉ ልብ። ያንን ብክነት በፓስካል ይለኩታል። ኢንጂነር ፍቅሩ በወጣትነታቸው ሒሳቡን በሠንጠረዥ ሲያሰሉ ኖረው፣ በኋላ ግን ሶፍትዌር መጣላቸው። የመታጠፊያውን ዓይነት ከዝርዝር ሲመርጡለት ሶፍትዌሩ ብክነቱን ወዲያው ያወጣል። እንደ ልጅ ነበር የወደዱት። ወይዘሮ ፍሬሰላም «ከእኔ ይልቅ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የተጋባው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት መርሳ ላይ ባለ ስምንት አልጋ የሳንባ ሕሙማን ክፍል ሲያሠራ፣ ኢንጂነር ፍቅሩ የአየር ቱቦውን በነፃ ለመንደፍ ፈቀዱ። እንዲህ ያለ ክፍል ሁልጊዜ አየር ወደ ውስጥ መሳብ አለበት፤ የሕመምተኛው ትንፋሽ ወደ ኮሪደሩ ከወጣ ነርሷን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ አስታማሚውን ይይዛል። ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ማራገቢያ ተቀመጠ፤ ከክፍሎቹ እስከ ማራገቢያው ባለው ዋና ቱቦ ላይ ሰባት መታጠፊያዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ በጥሞና ይደመጥ። ኢንጂነር ፍቅሩ በሶፍትዌሩ ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጠውን ዓይነት፣ በለስላሳ ቅርጽ የሚዞረውን ክብ መታጠፊያ፣ ለሰባቱም መረጡ። ብክነቱ ለእያንዳንዱ ስድስት ፓስካል ብቻ ሆነ፤ ማራገቢያውም በዚያ ልክ ተገዛ። በወረቀቱ ሥዕል ላይ ግን ቱቦው ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ በሹል ማዕዘን የሚታጠፍ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ክብ ይሁን» የሚል ቃል የትም አልተጻፈም።

ቱቦውን እንዲሠሩ የተመረጡት አቶ አብዱልመሊክ ሚስባህ ናቸው። መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ በነበረው ሱቃቸው ሃያ ስምንት ዓመት ላሜራ የቀጠቀጡ፣ የከተማውን አሸንዳ ሁሉ የሠሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው የገጠሙት ላሜራ ውኃ አያሳልፍም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ለኢንጂነር ፍቅሩ ስልክ ደወሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ኢንጂነር፣ ጥጉ ላይ ላሜራው ይዙር ወይስ እንደ አሸንዳ ይቆረጥ?»

ኢንጂነር ፍቅሩ የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። «እንደ ሥዕሉ ይሥሩት» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሥዕሉ ማዕዘን ነበር። አቶ አብዱልመሊክም እንደ ሥዕሉ ሠሩ። በየጥጉ ላሜራውን በሰያፍ ቆርጠው፣ ሁለቱን ገጥመው፣ ብርሃን እንኳ በማያሳልፍ ብየዳ ዘጉት። አሸንዳ ላይ ይህ ነውር የለውም፤ ውኃ ቁልቁል ሲወርድ ጥጉ ምንም ቢሆን ግድ አይሰጠውም። አየር ግን በሄደበት ፍጥነት ከግድግዳው ይላተማል።

ክፍሉ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ኢንጂነር ፍቅሩ ተገኝተዋል። ማራገቢያው ሲያጓራ ሰምተው ተደሰቱ፤ የግፊት መለኪያቸውን ወልድያ ትተውት ስለመጡ ግን አልለኩም። እጃቸው ያልለካውን ሥራ ጥሩ ነው ያሉት በሕይወታቸው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሁሪያ ዓሪፍ፣ የሰባት ወር ሕፃን የምታጠባ እናት፣ በሳንባ ነቀርሳ ተያዘች። በሁለት ሳምንቱ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ተከተለች። ሐኪሞቹ ከሕመምተኛው ክፍል በር ሥር ክብሪት ጭረው ሲያጠፉ ጢሱ ወደ ውስጥ መሳቡ ቀርቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ኢንጂነር ፍቅሩ ተጠሩ። ጣሪያው ሥር ቆመው ቱቦውን ቀና ብለው አዩ፤ አርባ ያህል ሰው በተሰበሰበበት ግቢም ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ሒሳቡ ልክ ነው። ያበላሸው ሠሪው ነው።»

አቶ አብዱልመሊክ እዚያው ቆመው ነበር። ኢንጂነሩን አዩአቸው፣ አንገታቸውን ደፉ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስለ ስልኩ መናገር ይችሉ ነበር እኮ! በኋላ ሸጊቱ ለምን ዝም እንዳሉ ስትጠይቃቸው፣ «አንቱ ብዬ የማከብራቸውን የተማረ ሰው በሕዝብ ፊት ላሳፍር?» ነው ያሏት። ይሉኝታቸው ስማቸውን በላው።

መርሳ ትንሽ ከተማ ናት። የጀመሩት የመስጊድ አሸንዳ ለሌላ ተሰጠ። በሱቃቸው በኩል የሚያልፈው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር፤ «የአብዱልመሊክ ቱቦ ሰው ያስነቀርሳል» ተባለ። ግንቦት ሳይገባደድ ሱቁን ዘግተው ሲሪንቃ መንገድ ዳር ባልዲና ማንቆርቆሪያ ወደ መጠገን ወረዱ። የሃያ ስምንት ዓመት ስም በአንድ ወር አለቀ።

ኢንጂነር ፍቅሩ ያንን ፍርድ በሰጡ በሦስተኛው ቀን፣ መፍትሔውን ለማውጣት መለኪያቸውን ይዘው ወደ መርሳ ተመለሱ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግራና ቀኝ ለክተው፣ ቁጥሩን መዝግበው ወልድያ ቤታቸው ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። ሸጊቱ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በርበሬ ልታደርስ ገብታ አገኘቻቸው። ፊታቸው አመድ ሆኗል። «ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አለቻቸው። ኮምፒውተሩን ወደ እርሷ አዞሩት። ከዝርዝሩ ክቡን መታጠፊያ ሰርዘው በሰያፍ የተቆረጠውን ሲያስገቡ፣ ስድስት የነበረው ብክነት ሠላሳ አምስት ሆነ። በሰባት ሲባዛ አርባ ሁለት የነበረው ሁለት መቶ አርባ አምስት መጣ። ከለኩት ጋር አንድ ሆነ። ማራገቢያው ያንን ሁሉ ጉልበት ከየት ያመጣዋል?

«ጠይቆኝ ነበር እኮ» አሉ ኢንጂነር ፍቅሩ። «ይዙር ወይስ ይቆረጥ ብሎ ጠይቆኝ ነበር።»

በዚያው ሰዓት ደውለው ክፍሉ እንዲዘጋና ሕሙማኑ እንዲዛወሩ አደረጉ፤ ይህ አይካድባቸውም። ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን «ማራገቢያው አነሰ» ብቻ አሉ። የመቅደላ ሠርግ ለሰኔ መጨረሻ ተቆርጦ ነበር፤ የሙሽራው የሙላት ቤተሰቦችም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። የሙሽራዋ አባት ነርስ በሽታ አስይዘው በሰው አሳብበዋል እንዳይባል ፈሩ። ሸጊቱስ ምን አለች? «ከሠርጉ በኋላ ይሁን» አለች። ያንን ያለ አፏ ዛሬም ያፍራል።

ሁለት ወር ያህል ዝም አሉ። በእነዚያ ቀናት አንድም ነገር በአግባቡ አልበሉም። በየማክሰኞው በሚኒባስ መርሳ ወርደው፣ መናኸሪያው ላይ ቆመው የተዘጋውን ሱቅ አይተው ይመለሱ እንደነበር ቤተሰቡ ያወቀው ቆይቶ ነው። ወይዘሮ ፍሬሰላም ስኳር በሽታ መስሏቸው በግድ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ደማቸው ንጹሕ ነበር። በሠርጉ ዕለት ልጃቸውን ሲመርቁ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ሰው ሁሉ የአባት አንጀት ነው አለ።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አንድ ቄስና አንድ ሼህ ሽማግሌ አድርገው አቶ አብዱልመሊክ ቤት ሄዱ። ከደጃፉ ተንበርክከው «አፉ በሉኝ» አሉ። አቶ አብዱልመሊክ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው፤ የመለሱላቸው ቃል ይህ ነው፦ «አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበልዎት። በልቤ ምንም የለም። ስሜ ግን እኔ ዘንድ አይደለም ያለው፤ ሕዝቡ ዘንድ ነው። የጣሉት በሕዝብ ፊት ነውና ከዚያው አንስተው ያምጡልኝ።»

ኢንጂነር ፍቅሩ ቃል ገቡ። ነሐሴን ሙሉ ሁለቱ አብረው ሠሩ። አቶ አብዱልመሊክ ላሜራውን በእንጨት መዶሻ እያዞሩ ሰባቱን መታጠፊያዎች ክብ አድርገው አወጡ፤ ኢንጂነር ፍቅሩም እያንዳንዱን ለኩ። በሶፍትዌሩ ላይ ስድስት ፓስካል የተባለው በእጅ ሲለካ ስድስት ከግማሽ መጣ። ኢንጂነር ፍቅሩ በደስታ እንደ ልጅ ጮኹ።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ክፍሉ እንደገና ሲከፈት የመርሳ ሕዝብ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ኢንጂነር ፍቅሩ ንግግር እንዲያደርጉ ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ ሰፍሯል። አቶ አብዱልመሊክ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሸጊቱ ከጎናቸው ነበረች። ኢንጂነሩ ማይክሮፎኑን ያዙ። ስለ አየር ተናገሩ። ስለ ድርጅቱ ተናገሩ። አንድ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዩና አፋቸውን ከፈቱ።

«አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ያን ዕለት ሸጊቱ ወንድሟን ጠላቻቸው። ለስምንት ወር ቤታቸው አልረገጠችም። ለክፍሉ አስተዳደር ስህተታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው አስገብተዋል፤ ደብዳቤው ከፋይል አልወጣም፤ እርሳቸውም እንዲወጣ አልጎተጎቱም። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሲሪንቃ መንገድ ዳር ባለፉ ቁጥር ከመኪና እየወረዱ ከአቶ አብዱልመሊክ ጋር ሰላም ይባባሉ፣ ስለ ልጆች ይጠያየቁ ነበር። ስለዚያ ነገር ግን አንዳቸውም አላነሱም።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ሰኔ 2017 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው። የአክታ ምርመራው ውጤት እስኪመጣ በመርሳው ክፍል፣ በአራተኛው ቁጥር ክፍል፣ አራት ቀን ተኙ። ሸጊቱ አስታማሚ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ሶፍት አምጪ አሏት። በቀጭኑ ቀደዱና «በሩ ሥር ያዢው» አሉ። በስድሳ ዓመቷ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ ያዘችው። ወረቀቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ እርሳቸው አልጋ ዘንበል ብሎ ቀረ። አንሶላውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «አየሽ፣ የአብዱልመሊክ እጅ ነው የሚስበው» አሉ።

የቀብራቸውን ጽሑፍ እንድትጽፍና እውነቱን በዚያ እንድታስነብብ የለመኗት ያኔ ነው። ሸጊቱ ተቆጣች። «በቁምህ ያልደፈርከውን በእኔ አፍ ልትናገር ነው?» አለቻቸው። «አዎ» አሏት። «ፈሪ ነኝ፣ ሸጊቱ። ከወልድያም ከመርሳም ከሐብሩም ሰው አንድ ላይ የሚመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ምለሽ ቃል ግቢልኝ።» ገባች።

የአክታው ውጤት ነፃ ሆነ፤ ደሴ በተደረገላቸው ምርመራ ግን የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸው። አምስት ወር ታመው፣ በቤተሰባቸው መካከል እንዳሉ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ወልድያ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ይታተም አይታተም በሚለው ትናንት በሐዘን ቤት ጭቅጭቅ ነበር፤ አይደበቅም። ወይዘሮ ፍሬሰላም «የሞተ ሰው ሬሳ ላይ?» ብለው አለቀሱ። ነገሩን የቆረጠችው መቅደላ ናት። «የዘገየው በእኔ ሠርግ ምክንያት ከሆነ እኔው ነኝ የማስነብበው» ብላ ወረቀቱን ራሷ ማተሚያ ቤት ወሰደች። ሲስተር ሁሪያም ጽዳት ሠራተኛዋም ከስድስት ወር መድኃኒት በኋላ ድነዋል፤ ሁሪያ ዛሬም በሥራዋ ላይ ናት፤ ሸጊቱ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። ሁሪያ ስለ ኢንጂነሩ አልተናገረችም። «አብዱልመሊክን ስንት ጊዜ እንደረገምኩት ታውቂያለሽ?» አለች።

ኢንጂነር ፍቅሩ በአራተኛው ክፍል አልጋ ላይ ሆነው ያስጻፉት ቃል ቀጥሎ ያለው ነው፦

«የመርሳና የሐብሩ ሰዎች፣ የወልድያ ሰዎች። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሒሳቡ ልክ ነው፣ ያበላሸው ሠሪው ነው ብያለሁ። ውሸት ነበር። ሒሳቡን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አቶ አብዱልመሊክ ሚስባህ ጠይቀውኛል፤ የመለስኩላቸው ሳላስብ ነው። እርሳቸው ያዘዝኳቸውን ሠሩ። እኔ እውነቱን ካወቅሁ በኋላ ሰባት ዓመት ፈራሁ። ሁሪያ፣ ይቅር በይኝ። አብዱልመሊክ፣ ስምዎትን እነሆ።»

ኢንጂነር ፍቅሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፍሬሰላም ኃይሉን፣ ልጃቸውን መቅደላን፣ አማቻቸውን ሙላትን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ሸጊቱን ትተው አልፈዋል። በሰው ፊት የተነገረውንም በልብ የተቀበረውንም የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ከአባታቸው ከአቶ አብርሃም ጋር ሳል በሌለበት ያሳርፋቸው። ሐዘናችንን ልትጋሩ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁትን ሁሉ ፈጣሪ ያክብርልን።

አቶ አብዱልመሊክ ሚስባህ ዛሬ ከመካከላችን ናቸው። ሸጊቱ ትናንት ሲሪንቃ ድረስ ሄዳ ለምናቸው፣ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው «እመጣለሁ» ብለዋታል፤ ከግቢው በር በስተግራ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ቆመዋል። ቀብሩ ሲያበቃ እንደ ልማዳችን ቤተሰቡን ለማጽናናት ትሰለፋላችሁ። ዛሬ መጀመሪያ ወደ እርሳቸው ሂዱና በስማቸው ጠርታችሁ ሰላም በሏቸው። ቤተሰቡ ቆሞ ይጠብቃችኋል።